ብርድና የፊኛ ጤና

(የመክፈቻ ዜማ፤ መሰንቆ)

በዛሬው የጤና ትምህርታችን የምናነሣው ጕዳይ ሁሉ ሰው በቤቱ የሚያውቀው፥ በአደባባይ ግን የማይነገር፥ በሐኪም ፊት እንኳ ብዙዎች አንገታቸውን ደፍተው በግማሽ ቃል የሚያልፉት ስለ ሆነ፥ አስቀድሜ ፈቃዳችሁን እለምናለሁ፤ ይኸውም በብርድ ወራት ስለሚበዛው ሽንትና ስለ ፊኛ ጤና ነው። ነገሩ በቃል ሲነገር ቢያሳፍርም፥ አንድ ቀን ተከልክሎ ሲቀር ግን ባለጸጋውንም ድኻውንም በአንድነት የሚያስጨንቅ፥ የሰው ልጅ ሁሉ የሚገዛለት ሕገ ሥጋ ነውና፥ ኀፍረቱ ወደ ኋላ ይቆየንና ዕውቀቱ ይቅደም።

ያለንበት ወር ታኅሣሥ ነው። ክረምቱ አልፎ፥ አዝመራው ታጭዶ ተከምሮ፥ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ጥርት ብሎ በሚታይበት በዚህ ወራት፥ ቀን ፀሐዩ ራስ የሚበሳ ሲሆን፥ ሌሊት ግን እንደ ቡሉኮ ሆኖ የሚሸፍናት ደመና ስለማይኖር፥ ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቀዋለች፤ ስለዚህም ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በምትገኘው በደብረ ብርሃን፥ ከእርሷም በላይ ባሉት በመንዝ ጓሳ ተራሮች፥ ጎሕ ሲቀድ ውርጩ በሣሩ ላይ እንደ ጨው ተነስንሶ ይታያል። ደግሞም ይህ ወራት ሕዝባችን ከቤቱ ወጥቶ ከብርድ ጋር የሚያድርበት ወራት ነው፤ በልደት ሌሊት በላሊበላ ካህናቱ በመቋሚያቸው ተደግፈው በማኅሌት ሲያድሩ፥ ምእመናኑም ነጠላቸውን ተከናንበው በዓለቱ ዙሪያ ተኮልኵለው ያነጋሉ፤ በጥር 10 ቀን ደግሞ በከተራ ታቦታቱን አጅቦ ወደ ጥምቀተ ባሕር የወረደው ሁሉ በድንኳኑ ዙሪያ በሜዳ ያድራል። በዚያ ሌሊት ከሕዝቡ መካከል ደጋግሞ ወደ ጨለማው ፈንጠር ሳይል ያነጋ ሰው ማን ነው? «ምን ጠጥቼ ነው እንዲህ የሚያመላልሰኝ?» ብሎ በልቡ ያልተደነቀስ ማን ነው?

ስለዚህ ነገር እንዳስብ ያደረጉኝ በሠፈራችን በዘበኝነት የሚያገለግሉ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ከቆርቆሮ በተሠራች፥ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እግሩን ለመዘርጋት በማትበቃው ጎጆአቸው ደጃፍ ማታ ማታ እያለፍኩ ሰላም ስላቸው፥ በአንድ የታኅሣሥ ምሽት ካፖርታቸውን በጋቢያቸው ላይ ደርበው፥ ፊታቸው ጠውልጎ አገኘኋቸውና «አባቴ፤ ምነው? አሞዎታል እንዴ?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ ግራ ቀኝ ተመልክተው፥ ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው፥ «ልጄ፤ ብርድ መታኝ፤ ውኃ ሽንቴ እንደ እሳት ይፈጀኛል» አሉኝ። ወዲያውም ብርዱን እንዴት እንደሚከላከሉት ሲያስረዱኝ፥ «ውኃ ከጠጣሁ ስወጣ ስገባ ነው የሚነጋብኝ፤ ስለዚህ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ አፌን በውኃ አላርስም፤ መጥቶ የያዘኝንም እንደ ምንም ቋጥሬ አነጋዋለሁ፤ ለብርዱ ደግሞ አንዲት መለኪያ አረቄ አለችኝ» አሉ።

አድማጮቼ፤ እኒህ ሽማግሌ በብርዱ ላይ ሦስት ጋሻ ያነሡ መስሏቸው ነበር፤ ውኃን መተው፥ ሽንትን መቋጠርና አረቄን መጎንጨት። በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ባለሙያዎቹ የነገሯቸው ግን፥ ሥጋቸው ውኃ እንደ ጎደለውና ፊኛቸው እንደ ቆሰለ ነበር። ዛሬ በዚህ ንግግር ላስረዳችሁ የምፈልገው ዋና ነገርም ይኸው ነው፤ ፊኛን ከብርዱ ይልቅ የሚጎዳው እኛ ብርዱን ለመሸሽ የምንሄድበት መንገድ ነው።

(አጭር ዜማ)

የቀደሙት ሊቃውንቶቻችን ሥጋ ከነፋስ፥ ከእሳት፥ ከውኃና ከመሬት፥ ከእነዚህ ከአራቱ ባሕርያት ተዋሕዶ የቆመ ነው፤ ጤናም የእነርሱ ስምምነት ነው ሲሉ ያስተምሩ ነበር። የዛሬው የሕክምና ጥበብ ነገሩን በሌላ ቋንቋ ቢናገረውም፥ ብርድ በመጣ ጊዜ በሥጋችን ውስጥ የሙቀቱና የውኃው ነገር ምን ያህል የተሳሰረ እንደ ሆነ ስንመለከት፥ የአባቶች አነጋገር እንዲያው በከንቱ የተነገረ አለመሆኑን እንረዳለን።

በአንድ ጎልማሳ ሰው ውስጥ አምስት ሊትር ያህል ደም ይመላለሳል። ብርድ ቆዳችንን በነካው ጊዜ፥ በቆዳ ሥር የተዘረጉት ቀጫጭን የደም ሥሮች፥ ሙቀታችን ወደ ውጭ ፈስሶ እንዳይባክን ይጠባሉ፤ የጣቶቻችን ጫፍ የሚገረጣውና የሚደነዝዘው ስለዚህ ነው። ከዳር የተመለሰው ደም ደግሞ የሚሄድበት ስፍራ ስለሚያስፈልገው፥ ልብና ሳንባ፥ ጕበትና ኩላሊት ወዳሉበት ወደ መካከለኛው የሰውነት ክፍል ይሰበሰባል።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። በሠርግ ቀን በትልቅ ዳስ ውስጥ ተጋባዡ ከዳር እስከ ዳር ተደላድሎ ተቀምጦ ሳለ፥ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ድንገት ዳሱን ከየጎኑ ቢገርፈው፥ በዳር ያለው ሁሉ ወደ መካከል ይጠጋል። በዚህ ጊዜ አጋፋሪው መጥቶ መካከሉን ብቻ ተመልክቶ «እንግዳ በዛብኝ» ቢል፥ በጓሮ በር እየመረጠ ማስወጣት ይጀምራል፤ የሰው ቍጥር ግን አንድ እንኳ አልጨመረም፤ ዳሩ ባዶ ቀርቶ መካከሉ ተጨናነቀ እንጂ። በልባችን ጓዳዎችና በታላላቆቹ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ያሉት የስሜት ሕዋሳት እንደዚህ አጋፋሪ ናቸው። መካከሉ በደም መሙላቱን ባወቁ ጊዜ፥ ከአንጎል ሥር ካለችው ትንሽ ዕጢ የሚለቀቀው፥ ኩላሊትን «ውኃውን ያዝ፤ አትልቀቅ» የሚለው ሆርሞን እንዲቀንስ ያደርጋሉ፤ ኩላሊትም ትእዛዙ ሲላላለት ውኃውን ይለቃል።

የሚለቀውም ቀላል አይደለም። ሁለቱ ኩላሊቶቻችን በአንድ ቀንና ሌሊት 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ፤ ከዚህ ሁሉ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ግን አንድ ተኩል ሊትር ገደማ ብቻ ሲሆን፥ የቀረው ተመልሶ ከደም ጋር ይቀላቀላል። እንግዲህ ወደ ደም ከሚመለሰው ላይ ከመቶ አንድ እጅ ያህል እንኳ ቢጎድል፥ የሽንታችን መጠን ከእጥፍ በላይ ይሆናል ማለት ነው። በዚህም ላይ በሙቀት ጊዜ በላብ ይወጣ የነበረው ውኃ በብርድ ጊዜ ስለሚቀንስ፥ እርሱም በኩላሊት በኩል መንገዱን ይፈልጋል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የጥም ነገር ነው። አጋፋሪው ዳሱ ሞልቷል ብሎ ስላመነ ጥምንም ያሰናብተዋል፤ ስለዚህ በብርድ የቆመ ሰው ውኃ እየጎደለው ሳለ አይጠማውም። ፀሐይ ወጥታ ወይም እሳት ዳር ተቀምጦ ሥጋው ሲሞቅ፥ የጠበቡት ሥሮች ተከፍተው ደሙ ወደ ዳር ሲመለስ፥ ያን ጊዜ ጕድለቱ ይገለጣል፤ ራስ ይከብዳል፥ አፍ ይደርቃል፥ ሽንትም እንደ ጠጅ ይጠቍራል። አረቄ ደግሞ በዚህ ላይ ሁለተኛ በደል ይፈጽማል፤ አልኮል ያንኑ ውኃ አስያዥ ሆርሞን ስለሚከለክለው ሽንትን ያበዛል፤ የቆዳንም ሥሮች ስለሚከፍታቸው የሚሰማን ሙቀት ከውስጣችን ወደ ውጭ የሚሸሸው የራሳችን ሙቀት ነው። እኒያ ሽማግሌ በአረቄ ሞቅሁ ሲሉ፥ ቤቱን ለማሞቅ በሩን እንደሚከፍት ሰው ሆነው ነበር።

(አጭር ዜማ)

አሁን ደግሞ ወደ ፊኛ እንውረድ። ፊኛ የሚለጠጥና የሚኰማተር፥ ከጡንቻ የተሠራ ከረጢት ሲሆን፥ ከኩላሊት ጠብ ጠብ እያለ የሚወርደውን ያለ ድምፅ ይቀበላል፤ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲሞላ የመጀመሪያውን ምልክት ይልካል፤ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር፥ ማለትም ሁለት ብርጭቆ ያህል ሲሞላ አጥብቆ ያሳስባል። ብርድ ግን ይህን ሥርዓት ያውከዋል። ልብስ ለማጠብ እጅዋን በማለዳ ወንዝ ውስጥ የነከረች ሴት፥ በባዶ እግሩም የቀዘቀዘ ሲሚንቶ የረገጠ ሰው እንደሚያውቀው፥ የቆዳው ብርድ በነርቭ በኩል ደርሶ ፊኛው ገና ሳይሞላ እንዲኰማተር ያደርገዋል፤ ስለዚህ በብርድ ጊዜ የፊኛው ጌታ በሁለት ወገን ይጨነቃል፤ ከላይ ቶሎ ይሞላበታል፥ ከታች ቶሎ ያጣድፈዋል። ይህ ግን በራሱ ደዌ አይደለም፤ ሙቀት ሲመለስ አብሮ ያልፋል።

ደዌ የሚሆነው መቼ ነው? እናቶቻችን «ድንጋይ ላይ አትቀመጪ፤ ብርድ ይመታሻል» እያሉ ሲመክሩ፥ አንዳንድ የተማረ ሰው ነገሩን በፌዝ ያልፈዋል፤ እኔ ግን ነገሩን ለያይተን እንድናየው እፈልጋለሁ። ሽንትን የሚያቃጥለው፥ የፊኛንም ግድግዳ የሚያቈስለው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከአንጀት ወጥተው በሽንት ቧንቧ በኩል ሽቅብ ከሚገቡ ረቂቃን ተሐዋስያን ነው፤ ከእነርሱም ዋነኛው ኢ-ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ድንጋይና ነፋስ ይህን ባክቴሪያ አይወልዱትም፤ እንዲያውም በብዙ አገሮች ይህ ሕመም የሚበረታው ሰው በላብ ውኃ በሚያጣበት በሙቀት ወራት ነው። ይህም ሆኖ የእናቶች ምክር ፈጽሞ መና አይደለም፤ በኖርዌይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ አንድ ትንሽ ምርመራ፥ ሕመሙ ይደጋገምባቸው ከነበሩ ሴቶች እግራቸው እንዲቀዘቅዝ በተደረገ ጊዜ አንዳንዶቹ ላይ የሕመሙ ምልክት እንደ ታየ ያስረዳል። እንግዲህ ብርድ ዘሩን አይዘራም፤ ተዘርቶ ላለው ግን ማሳውን ሊያለሰልስለት ይችላል ብንል ከእውነት አንርቅም።

ማሳውን አብዝተን የምናለሰልሰው ግን እኛው ነን። ሽንት ሲወርድ ተሐዋስያኑን አጥቦ የሚያወጣ ጎርፍ ነው፤ ውኃ ስንተው ጎርፉ ይቀጥናል፤ ሽንት ስንቋጥር ደግሞ ጎርፉን ገድበን፥ ለባክቴሪያው የሚራባበት ሙቅ ኵሬ እናዘጋጅለታለን። በሴቶች ዘንድ ሕመሙ የሚበዛበትም ምክንያት የቧንቧው ርዝመት ነው፤ የወንድ የሽንት ቧንቧ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን የሴት ግን 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ለባክቴሪያው መንገዱ አጭር ነው። በዚህም ላይ መጸዳጃ በሌለበት መንደር ሴት ልጅ ዓይን እንዳያያት እስኪመሽ ድረስ ቋጥራ የምትውል መሆንዋን፥ ተማሪዪቱም የትምህርት ቤቱ መጸዳጃ በር ስለሌለው ከጧት ጀምሮ ውኃ ሳትቀምስ የምትመለስ መሆንዋን ስናስብ፥ «ብርድ መታት» የምንለው ስንት ጊዜ የበር መዝጊያ እጦት እንደ ሆነ እንረዳለን።

ወደ ሽማግሌዎች ስንመለስ ደግሞ ሌላ ምክንያት እናገኛለን። ከፊኛ በታች የሽንትን ቧንቧ እንደ ቀለበት የከበበችው ፕሮስቴት የምትባል የወንዶች ዕጢ ከዕድሜ ጋር እየገዘፈች ትሄዳለች፤ 60 ዓመት ከደረሱ ወንዶች ግማሽ በሚሆኑት ላይ ይህ መግዘፍ ይገኛል። ብርድ በዚህች ዕጢና በፊኛው አንገት ላይ ያሉትን ጡንቻዎች ስለሚያጠብቃቸው፥ ቀድሞ በቀጭኑ ይወርድ የነበረው ሽንት በብርድ ሌሊት ጭራሹን ሊታገድ ይችላል። ለጉንፋን ተብለው ከሚሸጡት መድኃኒቶች መካከልም፥ የአፍንጫን መዘጋት የሚከፍቱና እንቅልፍ የሚያመጡ አንዳንዶቹ ይህንኑ እገዳ ያባብሳሉና፥ ሽንቱ የሚቈራረጥበት ሽማግሌ የጉንፋን መድኃኒት ሲገዛ ይህን ለመድኃኒት ባለሙያው ሳይነግር አይውሰድ።

በሌላው ዳር ደግሞ ሕፃናት አሉ። በብርድ ሌሊት የሚበዛው ሽንት የልጆችን አንሶላ ያርሳል፤ አምስት ዓመት ከሞላቸው ልጆች ከመቶ 15 ያህሉ ገና ሌሊት አልጋ ላይ የሚሸኑ መሆናቸውን የሕፃናት ሐኪሞች ያውቃሉ። ስለዚህ ይህን ልጅ በጎረቤት ፊት ማዋረድ፥ አንሶላውንም አሸክሞ ማሳፈር፥ ይልቁንም መግረፍ፥ በእንቅልፍ ለተሠራ ሥራ በንቃት መቅጣት ነውና ፍትሕ አይደለም። ከመተኛቱ በፊት እንዲሸና ማድረግ፥ የሚሄድበትን መንገድ በኩራዝም ቢሆን ማብራት፥ እግሩን ማሞቅ፥ የነጋበትን እርጥብ አንሶላ ያለ ቃል መለወጥ፤ የብልህ እናት ሥርዓት ይህ ነው።

(አጭር ዜማ)

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፥ በብርድ ወራት ጥምን ሳንጠብቅ እንጠጣ፤ ለአብዛኛው ጤነኛ ሰው በቀን ከስድስት እስከ ስምንት ብርጭቆ ፈሳሽ የሚበቃ ሲሆን፥ ለብ ያለ ውኃ ወይም አጥሚት ከሆነ ሆድንም ያሞቃል፤ ልቡን ወይም ኩላሊቱን የሚታመም ግን መጠኑን ከሐኪሙ ይጠይቅ። መለኪያችሁ የሽንታችሁ መልክ ነው፤ እንደ ቀጭን ብርዝ ከሆነ መልካም፥ እንደ ጠጅ ከጠቈረ ውኃ ጎድሏል። ሌሊት መነሣት የሚከብደው ሰው መጠጡን ወደ ጧትና ወደ ቀን ያብዛው፤ ከመተኛቱ ሁለት ሰዓት ያህል አስቀድሞ ያሳንሰው እንጂ ቀኑን ሙሉ አይተወው። ቡናና ሻይ የወዳጅ መጠጥ ቢሆኑም ፊኛን ስለሚያነቃቁ፥ የማታውን ስኒ መተው ብዙ ሰው የሌሊት ዕረፍት ያገኝበታል።

ሁለተኛ፥ ሽንት አይቋጠር። በጨለማ ከቤት መውጣት ለሚያስቸግራቸው ሽማግሌዎችና ነፍሰ ጡሮች፥ ከአልጋ ሥር የምትቀመጥ ፖፖ የምታሳፍር ዕቃ አይደለችም፤ ከውድቀትም ከብርድም ታድናለች። ሦስተኛ፥ እግር፥ ወገብና ሆድ ይሙቁ፤ የረጠበ ልብስ ወዲያው ይለወጥ፤ ሴቶችም ከተጸዳዱ በኋላ ከፊት ወደ ኋላ ይጥረጉ። በከሰል የሚሞቅ ግን፥ ምድጃውን በተዘጋ ቤት ይዞ አይተኛ፤ ከከሰሉ የሚወጣው ጋዝ ሳይታይ የሚገድል ነውና። አራተኛ፥ ስታስል ወይም ስትስቅ ሽንት የሚያመልጣት ሴት፥ በተለይም የወለደች፥ ሽንት የሚይዙትን የታችኞቹን ጡንቻዎች እየጨበጡ መልቀቅን ታዘውትር፤ ይህንን ልምምድ አርኖልድ ኬጌል የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1948 ካስተዋወቀው ጀምሮ ብዙ ሴቶች ያለ ቢላዋና ያለ መድኃኒት ተረድተውበታል።

ነገር ግን «ብርድ ነው፤ ያልፋል» ተብሎ የማይታለፍ ምልክት አለ። ሽንት ሲያቃጥል ከሰነበተ፥ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከጎን ውጋት ጋር ከመጣ፥ ሕመሙ ወደ ኩላሊት ወጥቶ ይሆናልና ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይኬድ። በሽንት ላይ የታየ ደም ምንጊዜም ምርመራ ይሻል። ሽንቱ እንቢ ብሎ ሆዱ የተነፋ ሰው ንጋትን ሳይጠብቅ ይወሰድ። ብዙ እየሸና ብዙ የሚጠማው፥ እየበላም የሚከሳ ሰው የስኳር በሽታ ይኖርበት እንደ ሆነ ይመርመር፤ ብርድ ጥምን ያጠፋል እንጂ አያበዛምና። ሐኪም ያዘዘውንም መድኃኒት፥ ማቃጠሉ ስለ ቀረ ብላችሁ በመንገድ አትተዉት፤ የተረፈውንም ለጎረቤት አታካፍሉ፤ መድኃኒት እንደ እንጀራ አብሮ አይቈረስም።

እኒያ ዘበኛ ሽማግሌ ዛሬም በሥራቸው ላይ ናቸው። ባለፈው ሳምንት በጎጆአቸው ደጃፍ ሳልፍ፥ የአረቄው መለኪያ ይቀመጥባት በነበረች ጣውላ ላይ ልጃቸው የገዛላቸው ፔርሙዝ ተቀምጦ አየሁ። «ቡና ነው?» ብላቸው፥ «የፈላ ውኃ ነው፤ በየሰዓቱ እቀምሰዋለሁ» አሉኝና፥ ጥቂት ዝም ብለው፥ «ያው መውጣቴ አልቀረም፤ ግን ልጄ፥ በወጣሁ ቍጥር ግቢውንም ዞሬ አየዋለሁ፤ ድሮስ ዘበኛ መቀመጥ ነበረበት?» ብለው ሳቁ።



(የመዝጊያ ዜማ)